ፍንጭት

እኔ ሰው አላውቅም፤ የማውቀው ጀሶ ነው፤
ከሐኪሞች መጥቶ፣ በእርሳስ ስም ተጽፎ፣ መደርደሪያዬ ላይ ተራ የሚጠብቀው።
ጊረሱን ከተማ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ካለው ፎቅ፣
የማላየውን ሰው ሳቅ ስሠራ እውላለሁ፣ እኔ ራሴ ሳልስቅ።

ሰም እቀርጻለሁ፤ በጭቃ እሸፍናለሁ፤ ምድጃ እከታለሁ፤
ሰሙ ቀልጦ ሲሄድ፣ በለቀቀው መንገድ ብረት አፈሳለሁ።
ወርቅ ብሎ የሚያዝዝ ዛሬ ዛሬ የለም፤
ወርቁን የሚፈታ ሌላ ሰው ይሆናል፤ እኔ ጋ ያለው ሰም።

ፍንድቅ ተለቅሞ፣ መስከረም ሲጋመስ፣ አንድ አፍ መጣልኝ፤
«ሳኒዬ፣ ስድሳ ሦስት፣ የላይ ፊት አራቱ» ወረቀቱ አለኝ።
ከጀሶው አነበብኩ፤ ቀኙ መንጋጋዋ ክፉኛ ተበልቷል፤
ዕድሜ ልኳን ፍንድቅ ስትሰብርበት ኖራ፤
ድንጋይ እያለላት፣ ጥርስ ምን በድሏል?

አራት አበጀሁ፤ ሮዝ ድድ አለበስኩ፤ በሁለት የሽቦ ክንድ
ክራንቻዋን አቀፍኩ፤
ሰልፍ ላይ እንደቆመ ምልምል ወታደር፣
ስንጥር የማያሳልፍ፣ ነፋስ የማያሳድር።
ኮራሁም፤ እውነቱን ልናገር።

በዐሥረኛው ቀን ደረጃው ተንቋቋ፤
ጀሶ ሳይሆን ሰው፣ በሁለት እግሩ ቆሞ፣ በሬን አንኳኳ።
ፌስታል ከፈተች፤ ከመሀረብ ፈታ ጥርሷን አወጣች፤
ጠረጴዛዬ ላይ፣ እንደ ሐሰተኛ ብር፣ ወርውራ አስቀመጠች።
«ያላምጣል» አለችኝ፤ «ሥጋ ይቆርጣል፤ ፖምም ይገምጣል፤
አያምም፣ አይወልቅም፤ ስሜን ግን ይበላል።»

መንደሯ ሸለቆ ነው፤ ጎረቤት ማለት ማዶ ነው፤
በእግር ግማሽ ቀን የሚፈጀው፣ በፉጨት አንድ ትንፋሽ ነው።
«ና» ማለት በፉጨት፤ «ሞተ» ማለት በፉጨት፤ «ዱቄት አበድሪኝ»ም፤
የወፍ ቋንቋ ይሉታል፤ ወፍ ግን አይችለውም።
«ኔቭረስ ከማዶ፣ አርባ ዓመት ሙሉ፣ ገና ስጀምር
‹ሳኒዬ!› ትለኛለች፣ ሳልጨርስ ነገር።
ጥርሴ ሲረግፍ ዝም አልኩ፤ ሁለት ክረምት ጠበቀችኝ፤
በዚህኛው ባፏጭ፣ ‹የማን ነሽ፣ አንቺ እንግዳ?› ብላ መለሰችልኝ።»

ምን ልበላት እኔ? ለፉጨት የሚሆን መለኪያ የለኝም።
«ፎቶ አለሽ?» አልኳት። ከቦርሳዋ ሥር፣ ከመታወቂያው ጀርባ፣
አንዲት ጉርድ ፎቶ፣ ጠርዟ የተላጠ፣ ፀጉሯ ላይ አበባ፤
ሃያ ዓመት ቢሆናት፤ ስቃለች፤ መሀል ላይ፣ ከሁለቱ ጥርስ፣
ክር የምታህል በር፣ ፍንጭት፣ ትንፋሽ የምታደርስ።

ለካ እኔ ነኝ ሌባው፤ የጎደላትን ስሞላ በችኮላ፣
ያልጎደላትንም ደፍኜባት ኖሯል፣ ጉድለት መስሎኝ እሱም ሌላ።

ሞረዱን አነሳሁ። የሠራሁትን ማፍረስ እጄ አልለመደም፤
ጥርሴን ነክሼ፣ የራሴን፣ ያልወለቀውን፣ ፋቅሁት፤ ደገምኩም።
ሞከረች፤ ነፋስ ብቻ ወጣ።
ሞረድኩ፤ ሞከረች፤
«ሻይ የፈላ መሰለ፤ ስሜ ገና አልመጣ።»
በአራተኛው ላይ ግን ሁለት ጣቷን ከተተች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤
መስታወቴ ጮኸ፤ ታች መንገድ ላይ የተኛች ድመት ፈረጠጠች፤
ፋርማሲስቱ ወጥቶ ሽቅብ አንጋጠጠ፤
የመደርደሪያው ጀሶ፣ አፉን እንደከፈተ፣ መልስ አጥቶ አፈጠጠ።

«ማታ ማታ አውልቂው፤ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ይደር፤ ድድሽም ይረፍ፤
ፍንድቅ አትስበሪ፤ ሽቦው ይጣመማል፤ በድንጋይ ይቀጥቀጥ፣ አፍሽ ከዚህ ይትረፍ።»
«እሺ» አለች። ደረጃው ጋ ደርሳ ፊቷን መለሰች፤
«ሌሊት ብትጠራኝስ? ከብርጭቆው ውስጥ ነው የምመልስ?» አለች።
መልስ አልነበረኝም።

ሳምንት ቆይቶ የሚኒባስ ሾፌር አንድ ጆንያ አራገፈ፤
ያልተፈለፈለ ፍንድቅ፤ ደብዳቤ የለው፤ ላዩም አልተጻፈ።
«ከማን ነው?» «ከማዶ፣ ኔቭረስ ከምትባል፤ ‹ለጥርስ ሠሪው› አለች።»
«ሌላስ ምን አለችህ?» «ምንም። እያፏጨች ሄደች።»

ድንጋይ ፈለግኩ፤ ፎቅ ላይ ድንጋይ ከየት ይመጣል?
መዶሻዬ በሰም ተለውሷል።
ግራ ቀኝ ገልመጥ አልኩ፤ ከጀሶዎቹ በቀር የሚያየኝ የለም፤
በቀኝ መንጋጋዬ ሰበርኩት አንዱን።
ምንም አላለኝም።